አገልግል የሚገባበት ምግብ ቤት

ቤተ ዘመድን ሰብስቦ ለመጋበዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ምግቡና ስለ መጠጡ ነው። ምግቡ ከጣፈጠ፥ መጠጡም ከበቃ፥ የተቀረው ሁሉ በራሱ የሚከናወን ይመስለዋል። እኔም እስከ 2011 ዓመተ ምሕረት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለእናቴና ለልጆችዋ የሚሆን አንድ ምግብ ቤት እንድመርጥ ታዝዤ፥ ነገሩ እንዳሰብሁት ቀላል አለመሆኑን ተማርሁ። ያገኘሁት ትምህርት ለአንዳንድ ቤተ ሰብ ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህን ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

እኛ የምንጃር ሰዎች ነን። እናቴና እኔ የምንኖረው በአረርቲ ከተማ ሲሆን፥ ታላቅ እኅቴ በሐዋሳ፥ ታናሽ ወንድሜም በአዲስ አበባ ትዳር ይዘው ይኖራሉ። አባታችን በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ሁላችን በአረርቲ ተሰብስበን በአንድ መሶብ ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ ግን ስለ ቤቱ አከፋፈል በእኅቴና በወንድሜ መካከል ቅሬታ ገባ። ወንድሜ «ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈል» አለ፤ እኅቴ ደግሞ «እናታችን በሕይወት ሳለች የቤቱ ዋጋ አይነሣም» አለች። ቃል ቃልን እየወለደ ሄዶ፥ በመጨረሻ እኅቴ «ይህ ነገር ሳያልቅ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረግጥም» ብላ ማለች። ወንድሜም ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እትዬ» ብሎ ሲጠራት የኖረውን ትቶ፥ ስለ እርስዋ መናገር ግድ ሲሆንበት «ያቺ ሴት» ማለት ጀመረ። እንደዚህ ሆኖ 6 ዓመት አለፈ።

በ2011 በገና ማግሥት እናቴ አጠገብዋ አስቀምጣ፥ «ልጄ፥ ቤቱ ካጣላቸው ከቤቱ ውጭ አገናኝልኝ። ሳልሞት ሁላችሁንም በአንድ ማዕድ ልያችሁ» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። ወዲያው ግን ወዴት እንደማገናኛቸው አላወቅሁም።

ካርታ ይዤ ባስብበት ለሁሉም የሚቀና ስፍራ ዝዋይ ሆኖ አገኘሁት። ባቱ ተብላም የምትጠራው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአረርቲም በእጀሬ በኩል ወደ ሞጆ ወርዶ፥ ከዚያ በቆቃ፥ በዓለም ጤናና በመቂ አልፎ ይደረስባታል። ማንም የማንም እንግዳ ስለማይሆንባት፥ ለተቀያየሙ ሰዎች የተመቸች መሰለችኝ።

ዝዋይ ዛሬ የወይን አገር ሆናለች። ካስቴል የተባለው የፈረንሳዮች ኩባንያ በከተማዋ አጠገብ ሰፊ የወይን ተክል አለምቶ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የመጀመሪያውን የዝዋይ ወይን ለገበያ አቅርቧል። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የተባሉትን ጠርሙሶች የማያውቅ የከተማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ቀድሞ የወይን ጠጅ ሲባል በየቤቱ ይታወቁ የነበሩት ቀዩ ጉደርና ጣፋጩ ቀይ አክሱሚት ነበሩ።

ወንድሜ የዝዋይን ስም በሰማ ጊዜ እጅግ ደስ አለው። «እንግዲያስ መልካም ወይን የሚቀዳበት፥ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ትልቅ ቤት ፈልግ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። እኅቴ ይህን ስትሰማ፥ «እርሱ የከፈለበትን እንጀራ አልቆርስም» ብላ መለሰች። ስለዚህ ገና ቤቱን ሳልመርጥ አንድ ነገር ተማርሁ፤ ይኸውም በተቀያየሙ ሰዎች መካከል ግብዣ ሲታሰብ ከምግቡ ዝርዝር በፊት የከፋዩ ነገር ማለቅ እንዳለበት ነው። ሒሳቡ በ3 እኩል እንዲካፈል፥ ቤቱም ለማንኛችንም ኪስ የማይከብድ ተራ ምግብ ቤት እንዲሆን በስልክ ተስማማን።

ሁለተኛው የቀኑ ነገር ነበር። እናቴ ረቡዕና ዓርብን አጥብቃ ትጾማለች። ዓሣም ቢሆን ለእርስዋ የጾም ምግብ አይደለም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ስለ ሆነ፥ በየሆቴሉ የድምፅ ማጉያ ሲጮኽ ይውላል፤ በዚያ ጩኸት መካከል 6 ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ሊነጋገሩ አይችሉም። ስለዚህ ጥር 25 ቀን ቅዳሜን ቈርጬ፥ ሠርግ የማያስተናግድ ቤት ለመፈለግ ከ1 ሳምንት በፊት ብቻዬን ወደ ዝዋይ ወረድሁ።

በመጀመሪያ የገባሁበት ቤት ወንድሜ የተመኘው ዓይነት ነበር። ወንበሩ ያማረ፥ ብርጭቆው የሚያብረቀርቅ፥ አሳላፊዎቹም አለባበሳቸው የተስተካከለ ነበር። ዋጋውም ከፈራሁት አነሰ። ልስማማ ስል የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ከቤት ስትወጣ እንደ ልማድዋ አገልግል ትይዛለች። በምንጃር ማኛ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ሳትይዝ ወደ ልጆችዋ ሄዳ አታውቅም። ስለዚህ ኀላፊውን፥ «እናቴ ጥቂት እንጀራ ከቤትዋ ብታመጣ ይፈቀዳልን?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም በትሕትና፥ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ከውጭ ምግብ ማስገባት በደንባችን ክልክል ነው» አለኝ። ሰውየውን አልነቅፈውም፤ ቤቱ የሚተዳደረው ምግብ በመሸጥ ነው።

ከግቢው ወጥቼ ለእናቴ ስልክ ደወልሁና፥ «እማዬ፥ በዚህ ጊዜ እንኳ አገልግሉ ቢቀርስ?» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና፥ «ባዶ እጄን ሄጄ፥ በልጆቼ ማዕድ ላይ እኔ እንግዳ ልሁንልህን?» አለችኝ። ይህን ስሰማ ፍለጋዬ ሁሉ የተሳሳተ መሆኑ ተገለጠልኝ። እኔ ስለ ወንድሜ ምኞትና ስለ እኅቴ ኩራት ስጨነቅ፥ የጠራችን እናታችን መሆንዋን ረስቼ ነበር። የግብዣው ባለቤት እርስዋ ናት። እንግዲያስ የምፈልገው ቤት እኛን የሚያስተናግድ ብቻ ሳይሆን፥ እናታችን እኛን እንድታስተናግድ የሚፈቅድላት ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ነገር የአንዲት የምንጃር እናት ግትርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1784 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኦስትሪያው ገዢ ዳግማዊ ዮሴፍ፥ ወይን የሚያለሙ ሰዎች የራሳቸውን ምርት በቤታቸው እንዲሸጡ ፈቀደ። ከዚህም የተነሣ በቪየና ዙሪያ ሆይሪገር የሚባሉት ተራ የወይን ጠጅ ቤቶች በዙ። ባለ ቤቱ ወይኑ መድረሱን ለማስታወቅ በደጃፉ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰቅላል፤ ይህም የእኛ አገር ጠላ ሻጭ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ እንደምትሰካ ያለ ነው። የዚያ አገር ቤተ ሰቦችም ወይኑን ከባለ ቤቱ እየገዙ፥ ምግቡን ከቤታቸው በቅርጫት ይዘው መሄድ የቈየ ልማዳቸው ነው። በዚያ የወይን አገር ቅርጫት ነውር ካልሆነ፥ በእኛ የወይን አገር አገልግል ነውር የሚሆነው ስለ ምን ነው?

በዚህ አሳብ ተጽናንቼ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ዓሣ ቤት ደረስሁ። ቤቲቱ በቆርቆሮ የተከደነች፥ በግቢዋም አንድ ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ የቆመባት ናት። ባለቤትዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። የመጣሁበትን ከነገርኋቸው በኋላ ጥያቄዬን በተራ አቀረብሁ። እናቴ ጉልበትዋን ስለሚያማት ደረጃ የሌለው መግቢያና መደገፊያ ያለው ወንበር መኖሩን፥ እጅ መታጠቢያውና መጸዳጃው ቅርብና ንጹሕ መሆኑን፥ ለልጆች የሚቀርበው ዓሣ አጥንቱ የወጣለት መሆኑን፥ ዓሣ ለማይወድም ሥጋ በሌላ ድስት መሠራቱን ጠየቅሁ። ሁሉንም በዓይኔ እያሳዩ መለሱልኝ። በመጨረሻ ስለ አገልግሉ ባነሣ ሳቁና፥ «ልጄ፥ እናትን እንጀራሽን ደጅ አስቀምጪ የሚላት ማን ነው? እኔ ወጡን እሠራለሁ፤ እርሳቸው እንጀራውን ያምጡ» አሉኝ። ዋጋውን ቈርጠን፥ ቀብድ ከፍዬ ተመለስሁ።

ጥር 25 ቀን ማለዳ እናቴን ይዤ ከአረርቲ ተነሣሁ። መኪናውን የምነዳው እኔ ስለ ነበርሁ፥ ወይን እንደማልቀምስ አስቀድሜ ለራሴ ወስኜአለሁ። እናቴ አገልግሉን በጭንዋ ላይ አድርጋ እስከ ዝዋይ ድረስ አላስቀመጠችውም። ስንደርስ እኅቴ ከባልዋና ከልጆችዋ ጋር በዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ወንድሜ ትንሽ ቈይቶ 2 ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ ገባ፤ ቤቲቱንም አይቶ ፊቱን ከሰከሰ። ሰላምታው ለሁሉ በአንድነት ነበር፤ ለእኅቴ ለብቻዋ ምንም አላለም።

ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ ተጠብሶ ቀረበ። እናቴ ያን ጊዜ የአገልግሉን ማሰሪያ ፈታች፤ የእንጀራው መዓዛ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። ያ መዓዛ የአባታችን ቤት መዓዛ ነበር። እናቴ እንደ ድሮው እንጀራውን በእጅዋ እየዘረጋች፥ «እጃችሁን ታጠቡ» ብላ አዘዘች። በቤታችን ደንብ ለታላላቆች ውኃ የሚያፈስስ ከሦስታችን ታናሹ ነው። ወንድሜ ጥቂት አመነታ፤ ዙሪያውን ቢያይ ልጆቹ ሁሉ ይመለከቱታል። ተነሥቶ ማስታጠቢያውን ያዘና ከእናቴ ጀመረ። ወደ እኅቴ በደረሰ ጊዜ ጐንበስ ብሎ፥ «እትዬ፥ ይታጠቡ» አላት። እኅቴ ውኃው ካለቀ በኋላም እጅዋን ዘርግታ ቈየች።

ሌላ ታላቅ ነገር አልተደረገም። ስለ ቤቱ ማንም አላነሣም። ወይኑ ሲቀዳ እናቴ ከብርጭቆው በከንፈርዋ ብቻ ቀመሰችና፥ «ይህስ ከዘቢቡ ይልቅ ይኮመጥጣል» አለች። ለቍርባን ከዘቢብ የሚዘጋጀውን ማለትዋ ነውና ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ወንድሜም «ነጭ ጨርቅ ያለው ቤት» የሚለውን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም፤ እንጀራ እየደጋገመ ሲያነሣ ግን አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ወገኖቼን ለመሰብሰብ ምግብ ቤት ልምረጥ የሚል ሰው ቢኖር ምክሬ ይህ ነው። ቀኑን ከጾሙና ከሠርጉ ጋር አስተያይ። የከፋዩን ነገር አስቀድመህ ጨርስ። ቤቱን ሄደህ በዓይንህ እይ፤ ወንበሩንም በጕልማሳ ጉልበት ሳይሆን በአሮጊት ጉልበት መዝነው። የሚነዳው ሰው ከወይኑ ይራቅ። ከሁሉም በላይ ግን፥ የጠራችሁ እናት ወይም አባት በዚያ ቤት የማዕዱ ባለቤት ሆነው መቀመጥ ይችሉ እንደ ሆነ ጠይቅ። ይህ ካልሆነ ብርጭቆው ቢያብረቀርቅ፥ ወይኑም ቢጣፍጥ፥ ለመንገደኛ እንጂ ለቤተ ዘመድ አይሆንም።

ሊመሽ ሲል ለመሄድ ተነሣን። ሒሳቡ እንደ ተስማማነው በ3 ተካፈለ። እኔ ባዶውን አገልግል ወደ መኪናው ልወስድ ሳነሣው እኅቴ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ተወው፥ እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «ለፋሲካ ሞልቼ እመልሰዋለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። አገልግሉ የሚመለሰው ወደ አረርቲ፥ ወደዚያው ቤት መሆኑን ሁላችን አወቅን፤ ማንም ግን ምንም አልተናገረም። ወንድሜ ብቻ ሄዶ የመኪናዋን በር ከፈተላት።