ለፀሐይዋ ጀርባዬን የሰጠሁባት ማታ

ጥቅምት 13 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ሳንቃበር

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልደን ተነስተን፣ ደባርቅ ላይ የስሜን ተራሮች ፓርክን ክፍያ ከፍለን፣ ጠመንጃ ያነገቱ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ተመድበውልን ሳንቃበር ስንደርስ 9 ሰዓት አለፈ። ስካውቱ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። እኔ “ጋሼ” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ልጄ” ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ ትውውቅ አላስፈለገንም።

የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ፎቶ ለማንሳት። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ፎቶው ተሰቅሎ ያላየ የለም። እኔም የራሴን ልስቀል ብዬ ነው።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ገደሉ አፋፍ ቆምኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዝቅ ባለች ቁጥር የእኔ ጣት እየፈጠነ ሄደ። 86 ፎቶ አነሳሁ። ጋሼ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ “ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?” አሉኝ። ዝም አልኩ። ማታ ድንኳን ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ አንድ በአንድ ሳያቸው መልሱን አገኘሁት። አዎ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም አይረባም።

ፀሐይዋ በሲጋራ የተቃጠለ ጨርቅ መስላ ነጭ ቀዳዳ ሆናለች። አድማሱ ፎቶውን ወገቡ ላይ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ ያውም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ቀኝ ዘምሞ። ከፊት ለፊት ምንም የለም። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ቀለሙ ነው። በዓይኔ ያየሁት ብርቱካናማ ሰማይ ፎቶው ላይ የታጠበ ሻሽ መስሏል። ጥፋቱ የእኔው ነበር። የቀለም ሚዛኑን፣ ዋይት ባላንሱን፣ “አውቶ” ላይ ትቼዋለሁ። ካሜራው ብርቱካናማውን ብርሃን እንደ ጉድለት ቆጥሮ “አርሞልኛል”። ለጀምበር መጥለቂያ ዋይት ባላንስ የቀን ብርሃን ወይም የደመና ምልክቱ ላይ ነው የሚደረገው። አውቀው ነበር፤ ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

የብርሃኑ ነገር ትንሽ ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ጅል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጥጥ ክምርም ይሁን የከሰል ጆንያ፣ ፊቱ የቆመውን ሁሉ 18 ከመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ ነገር አድርጎ ነው የሚገምተው። ፀሐይዋን መሃል ላይ ካስገባህለት ይደነግጥና ተራራውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ሜዳውን ካሳየኸው ደግሞ ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል። የእኛ ዓይን ደማቁንና ጥላውን እያፈራረቀ ሁለቱንም ያስተናግዳል፤ ካሜራው በአንድ ምት ሁለቱን መያዝ አይችልም። ስለዚህ አንሺው ቀድሞ መወሰን አለበት፤ የትኛው ይጨልም? እኔ ይህን ሳልወስን 86 ጊዜ ተኮስኩ። ካሜራው ወሰነልኝ።

ጥቅምት 14፣ ግጭ

በእግራችን የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ግጭ ወጣን። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ነው፤ አስር እርምጃ ሄዶ አንዴ መተንፈስ ግድ ነው። ሜዳው ጓሳ ሣር ለብሷል፣ በሣሩ መሃል ጅባራ እንደ ዘበኛ ተራርቆ ቆሟል። ጅባራ ለዓመታት አድጎ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ያበበው ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል። ትናንት የጎደለኝ የፊት ለፊት ነገር ይኸው ተገኘ አልኩ።

ዛሬ 11 ሰዓት ሳይሞላ ቦታዬን ያዝኩ። ይህ የቸኮለ ሰው ጭንቀት አይደለም። ስለ ጀምበር ፎቶ የሚያስተምሩት ጽሑፎች አብዛኞቹ የተጻፉት ለፈረንጅ አገር ሰማይ ነው። ለንደን ውስጥ በሰኔ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከ45 ደቂቃ በላይ የሚሠራ ብርሃን አለ። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ አድማሱን ከነካች በኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትሰወር 2 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም እስኪጨልም 20 ደቂቃ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ያለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትራይፖድ እግር መዘርጋት ኪሳራ ነው።

አንዷን ጅባራ መርጬ ብቆም ጭንቅላቷ ከኋላዋ ካለው የተራራ ጥቁረት ጋር ተደባልቆ ጠፋ። ተንበረከክሁ፤ አሁንም ትንሽ ቀረ። ሣሩ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ያኔ ከነሙሉ ቁመቷ በሰማዩ ላይ ብቻዋን ወጣች። ጋሼ ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ ጥላ ብቻ ሆኖ የሚታይ ነገር ዙሪያው ካልጠራ ምንነቱ አይለይም። አድማሱን ወደ ፎቶው የታችኛው ሲሶ አወረድሁት፣ ምክንያቱም ዛሬ ወሬው ያለው ሰማዩ ላይ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11። ፀሐይዋን ከክፈፉ አውጥቼ አጠገቧ ያለውን ሰማይ ለካሁ፣ ልኬቱን ቆለፍኩ፣ ከዚያ መልሼ አስተካክዬ ተኮስኩ። ተራራው ጠቆረ፣ ጅባራዋ ጠቆረች፣ ሰማዩ ግን እንደ ፍም ተቀመጠ። ፀሐይዋ ራሷማ ነጭ ናት፤ እሷን ማዳን አልተቻለም፣ አልሞከርኩምም።

በዚህ መሃል ጭላዳዎቹ መጡ። ቀኑን ሣር ሲነጩ ውለው ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርስባቸው የገደል እርከን ወርደው ነው የሚያድሩት። የወንዶቹ ጎፈር ከኋላ ብርሃን ሲመታው ዳር ዳሩ እንደ ወርቅ ክር ያበራል። ተንደርድሬ በዚያው በኤፍ 11 ተኮስኩ። የወጣው የተጎተተ ጭስ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ሒሳብ ነው፤ ቀዳዳውን ኤፍ 4 ከፍቼ አይኤስኦውን 800 አድርሼ ሻተሩን ማፍጠን ነበረብኝ። ቁልፎቹን ስነካካ የመጨረሻዋ ግልገል ከእናቷ ጀርባ ጋር ተሰወረች። ይህን ፎቶ አላገኘሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፀሐይዋ ገባች። አብረውን የነበሩት ቱሪስቶች አጨበጨቡና ወደ ሰፈሩ መውረድ ጀመሩ። እኔ ምዕራቡን እያየሁ ቀረሁ፤ ከገባች በኋላ ደመናው ከታች ሲበራ ይበልጥ እንደሚያምር አውቃለሁና።

“ልጄ፣ ምነው ወደ ኋላህም ብታይ?” አሉ ጋሼ።

ዞርኩ። በምሥራቅ ጋራዎቹ ግርጌ ሰማያዊ ግራጫ ጨለማ ተነስቷል። እሱ የምድር ጥላ ነው፤ የራሳችን የምድራችን ጥላ አየሩ ላይ ወድቆ። ከጥላው በላይ ሐምራዊ መቀነት፣ በመቀነቱ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ! ካላንደር ያላየ ሰው እንዲህ ነው በዕድል የሚኖረው። ጋሼ ግን በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ፀሐይና ጨረቃ ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ለማወቅ ካላንደር አላስፈለጋቸውም።

አንሴል አዳምስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር በኩል ሲያልፍ፣ ከመቃብሩ መስቀሎች በላይ ጨረቃ ወጥታ ያያል። ካሜራውን ተከለ፤ ብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር በእሱ አስልቶ አንድ ፎቶ አነሳ። ሁለተኛውን ሲያሰናዳ የጀምበሯ ብርሃን ከመስቀሎቹ ላይ ተነሳ። በዓለም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ያ አንዱ ነው።

ጨረቃ የምትበራው በፀሐይ ነው። ምድሩ ሳይጨልም ጨረቃም ምድርም በአንድ ልኬት የሚያዙባት ደቂቃ አጭር ናት። ቢዘገይ ጨረቃ ትነጣለች፣ ቢፈጥን ሰማዩ ውስጥ ትጠፋለች። ትራይፖዱን አዞርኩ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8፣ ሻተሩን 1/15 ሰከንድ አደረግሁ። ጋሼን ከአንዲት ጅባራ አጠገብ እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው፤ ጎናቸውን ሰጥተው እንጂ ፊት ለፊት አይደለም፣ የጠመንጃው አፈሙዝና የጋቢው እጥፋት እንዲለይ። “አይንቀሳቀሱ” አልኳቸው። ድንጋይ ሆኑ። አራት አነሳሁ። ባትሪው በብርዱ ሞተ፤ መለዋወጫውን ደረት ኪሴ ውስጥ በማሞቅ ፈንታ ቦርሳው ውስጥ ትቼው ኖሮ እሱም አልነሳ አለ።

ሳሎኔ ውስጥ የሰቀልኩት ከአራቱ ሦስተኛውን ነው። ለጋሼም አሳትሜ በሰው ልኬላቸዋለሁ።

ወደዚያ የምትወጡ ከሆነ ከካላንደሩ ላይ የሙሉ ጨረቃዋን ቀን ወይም ዋዜማዋን መርጣችሁ ሂዱ። የራስ ላይ ባትሪም ያዙ። እኔ ረስቼ ነበር፤ እስከ ድንኳኔ የወረድኩት የጋሼን ጫማ ኮቴ እየተከተልኩ ነው።