ፈቃድ ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?



በሰሜን ቨርጂኒያ ባለችው ጉባኤያችን ረቡዕ ማታ የጸሎት ርእስ ስንቀበል፣ ከበሽታና ከኢሚግሬሽን ጉዳይ ቀጥሎ በብዛት የሚቀርብልን የፈተና ነገር ነው። አንዱ ወንድም ለመንጃ ፈቃድ ሊፈተን ነው፤ አንዷ እህት የነርስነት ፈተናዋ ቀን ደርሷል፤ ሌላው ትራክ ለመንዳት ትምህርት ጀምሯል። አዲስ የመጡት ደግሞ ከጸሎቱ በኋላ ጠጋ ብለው "ፓስተር፣ ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ይሉናል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት እጃችንን የሚጠብቁ እናትና አባት፣ የትዳር ሰላም፣ አንዳንዴም እምነት ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ እናያለን። ስለዚህ በመጀመሪያ የምናውቀውን በግልጽ እንናገር፤ ቀጥለን ቃሉ ስለ መጠበቅ ምን እንደሚያስተምረን አብረን እንይ።

አጭሩና ረጅሙ መንገድ

በመንጃ ፈቃድ እንጀምር። በቨርጂኒያ ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ሰው ፐርሚት ካወጣ በኋላ ወይ የመንጃ ትምህርት ይጨርሳል፣ ወይ ቢያንስ 60 ቀን ይጠብቃል። ከ18 በታች ለሆኑ ልጆቻችን ግን 9 ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 45 ሰዓት መንዳት አለባቸው፤ ከዚህም 15ቱ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። የጽሑፍ ፈተናው የሚጀምረው በ10 የመንገድ ምልክቶች ሲሆን አሥሩንም መመለስ ግዴታ ነው። ዘጠኙን አውቆ አንዱን የሳተ ወደ ቀሩት ጥያቄዎች አያልፍም። ከወንዙ ማዶ በዋሽንግተን ዲሲ የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል፤ ይህም እዚያ ለሚኖሩ እናቶቻችን ትልቅ እፎይታ ነው።

ትራክ ለመንዳት የሚያስፈልገው ሲዲኤል ነው። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ተማሪ ሁሉ በፌዴራል መዝገብ ላይ በሰፈረ ማሠልጠኛ መማር አለበት። ሕጉ ይህን ያህል ሰዓት ብሎ አልወሰነም፤ አሠልጣኙ ተማሪው መቻሉን ይመሰክራል። ፐርሚቱን ካወጣም በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላው የመንዳት ፈተና አይቀርብም። ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨርሳሉ። 18 ዓመት የሞላው በስቴቱ ውስጥ መንዳት ይችላል፤ ከስቴት ወደ ስቴት ለመሻገር ግን 21 መሙላት አለበት።

ብዙ እህቶቻችን የሚጀምሩበት የነርስ ረዳትነት (ሲኤንኤ) በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶች ከዚህ ይጨምራሉ። ሙሉ ነርስ ለመሆን ግን 2 ወይም 4 ዓመት ተምሮ ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው እስከ 5 ሰዓት ይሰጠዋል፤ የጥያቄው ብዛት ከ85 አያንስም፣ ከ150 አይበልጥም። ኮምፒዩተሩ ስለ ተፈታኙ ችሎታ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። ስለዚህ በ85ኛው ጥያቄ ላይ ሲቆምባቸው "አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?" እያሉ የሚያለቅሱ እህቶችን ብዙ ጊዜ በስልክ አጽናንተናል። የወደቀ ሰው እንደገና ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የሐኪሞቻችን ነው። አገር ቤት ሐኪም የነበረ ሰው ማስረጃውን አስመርምሮ፣ ፈተናዎቹን አልፎ፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ተመራቂ ሬዚደንሲ ገብቶ ቢያንስ 3 ዓመት መሥራት አለበት። ሬዚደንሲ ለመግባት የሚደረገው ምደባ ውጤት በየዓመቱ በማርች ወር ይወጣል፤ ያ ወር ያለፈው ሰው እስከሚቀጥለው ማርች ይጠብቃል።

ጊዜው ሁልጊዜ ከሥራው ክብደት ጋር አይመዛዘንም። ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ የፀጉር ሥራ ፈቃድ በአማካይ 372 ቀን ሥልጠና ሲጠይቅ፣ በአምቡላንስ ሄዶ የሰው ነፍስ የሚያተርፈው ባለሙያ ግን 33 ቀን ብቻ ይጠየቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ስቴቶች የፀጉር ሥራውን ሰዓት ቀንሰዋል። ይህን የምናነሳው በምክንያት ነው። በአማርኛችን ከቢሮ የሚወጣው ወረቀት "ፈቃድ" ይባላል፤ የእግዚአብሔርም ሐሳብ "ፈቃድ" ይባላል። ሁለቱን አናምታታ። መዘግየት ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለን አንሰብክም። አንዳንዱ መዘግየት ሰው ያወጣው ሕግ ነው፤ ሕጉም ሊሳሳት ይችላል።

በመንገድ ላይ የሚሆነው

ታዲያ መጠበቅ ከንቱ ነው? አይደለም። በለንደን ጥቁሩን ታክሲ ለመንዳት ከ1865 ጀምሮ የሚሰጥ "ኖውሌጅ" የሚባል ፈተና አለ። ተፈታኙ ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ክልል ውስጥ ያሉትን ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶች በቃሉ ያጠናል፤ ይህም ብዙዎችን 3 እና 4 ዓመት ይፈጅባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሌነር ማግዋየርና ባልደረቦቿ የእነዚህን ሹፌሮች አንጎል ሲመረምሩ፣ ቦታንና መንገድን በማስታወስ የሚሠራው ክፍል የኋለኛው ጎን ከሌሎች ሰዎች ሰፍቶ አገኙት። ሹፌሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት የሚጠብቅ ይመስለው ነበር፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን እርሱ ራሱ እየተለወጠ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። ዮሴፍ ሕልሙን ባየበት ዘመን 17 ዓመቱ ነበር (ዘፍ. 37፥2)፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 (ዘፍ. 41፥46)። በመካከሉ 13 ዓመት አለ፤ ከዚያም የሚበዛው ባርነትና እስር ቤት ነው። ወንድሞቹ የሸጡት በክፋት ነው፤ መጽሐፉ ክፋቱን ደግ አድርጎ አያቀርብልንም። ነገር ግን በጲጥፋራ ቤት ንብረት ማስተዳደርን፣ በእስር ቤት ደግሞ የተሰበረ ሰው ፊት ማንበብን ተማረ። ግብፅን ከረሃብ ያተረፈው ይህን የተማረው ሰው ነው።

ስለ ሌዋውያን የተጻፈውንም አስተውሉ። በዘኍልቍ 4 ላይ ሥራቸውን የሚሠሩት ከ30 ዓመት ጀምሮ ነው፤ በዘኍልቍ 8 ላይ ግን የሚገቡት በ25 ዓመታቸው ነው ይላል። የአይሁድ መምህራን የ5 ዓመቱን ልዩነት የመማሪያ ጊዜ አድርገው ተርጉመውታል። ሌዋዊ የተወለደው ሌዋዊ ሆኖ ነው፤ ታቦቱን ለመሸከም ግን መማር ነበረበት።

እዚህ ላይ ለአገልግሎት የምትቸኩሉ ወጣቶቻችን እንድትሰሙን እንለምናችኋለን። የሰው ፀጉር ለመቁረጥ ረጅም ሥልጠና በሚጠየቅበት አገር እየኖርን፣ የሰው ነፍስ ለመምራት ግን አንድ የዩቲዩብ ቻናል የሚበቃ መስሎናል። ትናንት የተመለሰ ሰው ዛሬ ነቢይ፣ ነገ ሐዋርያ ሲባል እናያለን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ አማኝ መሪ እንዳይሆን፣ ዲያቆናትም አስቀድመው እንዲፈተኑ፣ እጅ መጫንም በችኮላ እንዳይሆን አዟል (1ኛ ጢሞ. 3፥6፣ 10፤ 5፥22)። ይህ ጸጋን ማፈን አይደለም። ሳይማር መሪ የጨበጠ ሰው የሚገጨው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጡትንም ነው። በገንዘብ የወጣ መንጃ ፈቃድ በመንገዳችን ላይ ስንት ቤት እንዳፈረሰ አገር ቤት የኖረ ሁሉ ያውቃል። በማዕረግ ብቻ የተገኘ አገልግሎትም እንዲሁ ስንት ቤተ ሰብ እንደበተነ እኛ በምክር ቢሯችን አይተናል።

የማይጠበቅበት ነገር

ይህን ስታነቡ ገና ክርስቶስን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ሰዎች "እንግዲያው ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብስ ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?" ትሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ምንም አይፈጅም። ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ለመማር ጊዜ አልነበረውም፤ መልካም ሥራ የሚሠራበት እጁም ተቸንክሯል። የሰማው ተስፋ ግን ለዚያው ቀን ነበር (ሉቃ. 23፥43)። ልጅ መሆን በእምነት የሚቀበሉት ነው (ዮሐ. 1፥12)። የልጅ አገልግሎት ጊዜ ይወስዳል፤ ልጅነቱ ግን ጊዜ አይወስድም። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ልጅ ለመሆን ሲፈተን ይኖራል፣ ለማገልገል ግን ሳይፈተን ይሮጣል።

ይህ እውነት ለወንድማችን ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ሐኪም የነበረ ነው፤ እዚህ ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ ቀን ያጠናል። ባለቤቱ ሁለት ሥራ ትሠራለች። በአራተኛው ዓመት "እግዚአብሔር ረስቶኝ ይሆን?" ብሎ ጠየቀን። አብረውት የመጡት ሲዲኤል አውጥተው ቤት ገዝተዋል፤ ቤተ ሰቡም በስልክ "አንተስ መቼ ነው?" ይለዋል። እኛም በሚቀጥለው ማርች ይሳካልሃል ብለን ትንቢት አልተናገርንለትም። ያልነው ይህ ነው፤ "ዶክተር፣ ፈቃዱ ቢወጣም ባይወጣም አንተ ዛሬ በአባትህ ፊት የታወቅህ ልጅ ነህ።" ከዚያም ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ሁለት ቤተ ሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን መያዝ ጀመሩ፤ እርሱም ስድስት ሰዓት ያለ ሁካታ ያነባል። እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ነገር ግን ብቻውን አይጠብቅም።

ፐርሚት ያለው ሰው ብቻውን አይነዳም፤ ፈቃድ ያለው አዋቂ ከጎኑ መቀመጥ አለበት። ከጎን የሚቀመጠው መሪውን አይነጥቅም፤ ወርዶም አይሄድም። ሌዋውያንም 50 ዓመት ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ወጥተው ወንድሞቻቸውን ይረዱ ነበር (ዘኍ. 8፥25-26)። እኛም ሃምሳን ያለፍን አገልጋዮች የዚህ ወንበር ባለ አደራዎች ነን። ፈቃዳችሁን ያወጣችሁ ሁሉ እንዲሁ ናችሁ። ነርስ የሆንሽው እህት፣ የቆየ የጥናት መጽሐፍሽን ለማን ሰጠሽ? ሲዲኤል ያለህ ወንድም፣ እንግሊዝኛው የከበደውን ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ታስጠናዋለህ? እናንተ ወላጆች፣ የልጃችሁን 45 ሰዓት አብራችሁት ነድታችሁ ነው የፈረማችሁት ወይስ እንዲሁ ነው?

በመጠባበቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ጊዜያችሁን ከጎረቤታችሁ ጊዜ ጋር አታወዳድሩ፤ የ14 ቀኑና የ3 ዓመቱ መንገድ አንድ አይደለም። በእናንተ ስም ሌላ ሰው እንዲፈተን ወይም ወረቀት እንዲገዛ ለሚያባብላችሁ እሺ አትበሉ። ወድቃችሁም ከሆነ ከጉባኤ አትሸሹ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ መጥታችሁ ቀኑን ንገሩን፣ አብረን እንጸልያለን።

ጌታ የሚጠባበቁትን ያጽና፤ የደረሱትንም ወደ ኋላ የሚመለከት ልብ ይስጣቸው። አሜን። ተባረኩ።