ዘፋኝ የሌለው ሸክላ

የባንድ ነፃነት ከየት ይጀምራል ቢሉን፣ ከመሣሪያው ነው እንላለን። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ኦርጋኑም ጊታሩም በአብዛኛው የምሽት ክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ተጫዋቹ ከጌታው የተጣላ ዕለት ባዶ እጁን ውልቅ ነው። ዋልያስ ባንድ ግን የራሱን መሣሪያ ገዛ። በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ቆይቶ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» የተባለውን አልበም በካይፋ ሪከርድስ አሳተመ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ላይ። ዘፋኝ የለ! ያውም ሸክላው ለካሴት ቦታ እየለቀቀ በነበረበት ሰዓት። ድፍረት ነው መቼም።

እኛም እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ለጎረቤቶቻችን አሰማናቸው። «ኧረ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ሳቁብን። «ሙዚቃዊ ስልት» ሲመጣ ግን የሳቁት ሁሉ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ተጉዞ ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። አልበሙ በውጭ አገር እንደገና የታተመው በ2014 ነው። 37 ዓመት!

እኛ ዕጩ መምህራን ግጥም አልባ ዜማ ለልጆች እናሰማ ወይስ አናሰማ እያልን ገና እንከራከራለን። እስከዚያው ለኪቦርድ መግዣ መዋጮ ጀምረናል፤ ስም መመዝገቢያው ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል።