ሐመሩ ሐ

ፊደል የቆጠርኩት በቡና ቤት በሮች ላይ ነው። አባቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ «ሂድና አባትህን አምጣው» ብላ ስትልከኝ፣ በሐይቅ ዳር ከተደረደሩት ቤቶች በየትኛው ውስጥ እንዳለ የማውቀው ሰሌዳውን አይቼ ነበር፤ ቀለሙ ገና ያልደረቀበት ቤት ውስጥ ነው። እስኪወጣ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከራሴ በላይ የተጻፈውን አያለሁ። ቡ። ና። ቤ። ት። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ቡና ቤት ለምን ቡና የለውም?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «ቡናው ያለው እናትህ ጋ ነው» አለኝ።

በ1994 ዓ.ም. ሞተ። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከምን እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ስለነበር ማንም አልጠየቀንም።

ዛሬ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ውስጥ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ገንዘብ መቁጠር ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሰው እጅ ማወቅ ነው። ደንበኛው የፈረመውን በካርዱ ላይ ካለው የፊርማ ናሙና ጋር ሳመሳክር እውላለሁ። ሰው ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ ብዕሩን ከወረቀት ላይ የሚያነሣበትን መንገድ ግን መለወጥ እንደማይሆንለት በአሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ አይቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። አብዛኛው ሳይነበብ ይቀራል፤ ይህም ለአንባቢ መልካም ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ወደ መስኮቴ መጣች። ብር ልታወጣ ነበር። መታወቂያዋን እየተቀበልኩ ሳለ ዓይኗ ከፊቴ በቆመችው የስም ካርድ ላይ ቀረ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አባትዎ ሠዓሊ ነበሩ እንዴ?»

በአገራችን ሰው የአባቱን ስም ተሸክሞ ይኖራል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሸከመው በዚያ ስም የተጠራሁበት ቀን ግን ያ የመጀመሪያው ነበር ማለት እችላለሁ። ስልኳን አውጥታ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። የዛገ ቆርቆሮ ነው። በአንድ ግቢ አጥር ላይ ተዘቅዝቆ ተመትቷል። ስልኩን ገልብጣ ስትይዘው፣ ቀይ ጥላ ባለው ሰማያዊ ቀለም «ይቅ ዳር ቡና ቤት» ይላል። የመጀመሪያውን ፊደል ለአጥሩ ልክ ሲሉ ቆርጠው ጥለውታል። በታችኛው ጥግ በደቃቁ የአባቴ ስም፤ ከስሙ ቀጥሎ 1982። ፊርማ ማመሳከር አላስፈለገኝም።

ልጅቷ በአዲስ አበባ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ግራፊክ ዲዛይን ትማራለች። ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ የግዕዝን ፊደል የሥዕሉ ሁሉ መነሻ ያደረገው ወሰኔ ኮስሮፍም የተማረበት ቤት ነው። ለዕረፍት ወደ ወላጆቿ ስትመጣ ሥራ አግኝታለች። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ የከተማችን ልጅ በሐይቁ ዳር መጠጥ ቤት ሊከፍት ነው፤ ቤቱም የድሮዋን አዋሳ እንዲያስታውስ ይፈልጋል። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም «ያኔ»ን እንዲመስል። የእሷ ድርሻ እነርሱ ብራንዲንግ የሚሉት ነው፤ ስሙ የሚጻፍበት ፊደል፣ አርማው፣ ቀለሙ፣ ሜኑው፣ የአስተናጋጆቹ ሽርጥ ሳይቀር።

«የድሮዋ አዋሳ» ሲባል ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ከተማችን በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ናት፤ ከእናቴ ታንሳለች። ግን ሰው ለትዝታ ዘመን አይቆጥርም፤ ደግሞም የሰውዬው ፍላጎት ከጥቅሙ ጋር የተስማማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ፣ መጠጥ ቤት ራሱ፣ ግድግዳውና በሩ፣ ብዙ እንዲናገር ይጠበቅበታል።

ከሥራ በኋላ በሐይቁ ዳር ማኪያቶ ይዘን ላፕቶፗን ከፈተችልኝ። ምን ያህል እንደደከመች ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመጠጥ ቤት ምልክትን ከሥሩ ጀምራዋለች። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ጠላ መድረሱን የሚያበስረው በዘንግ ጫፍ ላይ የተደፋው ጣሳ ነው፤ ማንበብ የማይችልም ያነበዋል። ከዚያ ቡና ቤቱ መጣ፤ ግሮሰሪውም ተከተለ። (ግሮሰሪ በሌላው ዓለም አስቤዛ መሸመቻ መሆኑን ሲሰሙ የሚደነግጡ ወዳጆች አሉኝ።) ከዚያ ቢራ ፋብሪካዎቹ ጃንጥላውን፣ ወንበሩን፣ ሰሌዳውን በራሳቸው ቀለም አዘጋጅተው በነጻ ያድሉ ጀመር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ ቢጫና ቀዩን ያየ ሰው የቤቱን ስም ማንበብ አያሻውም። በመጨረሻ የባነር ማተሚያው ደረሰና እንደ አባቴ ያሉት ሰዎች ብሩሽ አበቃለት። አባቴ ይህን አላየም።

«ፊደሎቹ ናቸው የቸገሩኝ ጋሼ» አለች። ኮምፒውተሯ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጣልንን ኒያላን፣ በየመሥሪያ ቤታችን የለመድነውን ፓወር ግዕዝን። የእኛም ደብዳቤዎች በእርሱ ሲጻፉ ኖረዋል። ለወረቀት የተቀረጹ ናቸው፤ ከመንገድ ማዶ ሰው አይጠሩም። የአባቴ ፊደል ግን ይጠራል። በጠፍጣፋ ብሩሽ ቁልቁል ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል፣ ሲያልቅ ብሩሹን ፈንጠር ያደርገውና ትንሽ ጅራት ይተዋል። ችግሩ ከቆርቆሮው ላይ ያገኘችው ስምንት ፊደል ብቻ መሆኑ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ከነሰባት ዝርያቸው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ። ከቡ ላይ በን፣ ከና ላይ ነን ማውጣት ይቻላል፤ እሷም ብዙውን እንዲህ አውጥታዋለች። አርማ ልታደርገው የፈለገችው ፊደል ግን ከቆርቆሮው የተቆረጠው ራሱ ነው።

ፊደል ካስቆጠሩን መምህራን እንደምንሰማው ሀ ሦስት ነው፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ሐመር በግዕዝ ጀልባ ነው። ሐይቅ የሚጻፈው በጀልባዋ ሐ ነው። ልጅቷ ይህን የተረዳችው በአንድ ሌሊት ሥራ ላይ ሳለች ነበርና ያን ሌሊት እንዳልተኛች ነገረችኝ። ባለቤቱ የላቲኑ ጽሑፍ እንዲጎላ ይፈልግ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ከሆነች ወዲህ በዋና ከተማዋ ሰሌዳዎች ላይ ሲዳምኛው በላቲን፣ አማርኛው በግዕዝ፣ እንግሊዝኛውም አብሯቸው ይሰለፋል፤ ሦስቱን በአንድ ግንባር ላይ ማስማማት ራሱን የቻለ ጭንቅ ነው። አንዲት ፊደል ከላይ ብትቆምና ሦስቱ ከሥሯ ቢሰለፉስ? ሐ፣ ጀልባዋ። ግን የአባትዎን ሐ አላየኋትም፤ ቤት ውስጥ ምናልባት የቀረ ወረቀት ይኖር ይሆን?

ነበረ። እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ባለ ሣጥን መስመር ደብተር። አልነገርኳትም። «እስኪ እፈልጋለሁ» አልኩ።

ያልነገርኳት ከማያ ገጹ ላይ ባየሁት ሌላ ነገር ምክንያት ነበር። ለሜኑው ያሰበችው ንድፍ የዱቤ ደብተር ነው። ዳርቻው የተበላ፣ የቢራ ብርጭቆ ቀለበት ያረፈበት፣ የምግቡና የመጠጡ ዋጋ በዕዳ መልክ የተዘረዘረበት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለጨዋታ ብላ የፈጠረቻቸው ባለዕዳዎች ስም አለ። አንዱ ስም በቀይ ተሰርዞ «ከፍሏል» ይላል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ በሳቅ ሞቶ ነበር አሉ። ያምር ነበር። አላፍርም ልበል፣ እኔም ባላውቅ እስቅ ነበር።

አባቴ የሚከፈለው ግማሹን በብር፣ ግማሹን በመጠጥ ነበር። መጠጡ ከክፍያው ሲያልፍ ይመዘገባል። አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ቤታችን መጣ፤ በሥርዓት ተቀምጦ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። 342 ብር። እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጠች። ሰውዬው የአባቴን ስም በቀይ ሲሰርዝ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ለልጅቷ ይህን በዚያው ቀን አልነገርኳትም፤ በሳምንቱ ነው የነገርኳት። በመሐሉ ባለቤቱ ገጣሚ መሆኔን ሰምቶ ለግድግዳው ሁለት ስንኝ እንድጽፍለት በእሷ በኩል ጠይቆኝ ነበር። ሞከርኩ፦

ሐይቁም አልደረቀ፣ እኔም ግን አልረካሁ፣
ከዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ጥም ብቻ እየቀዳሁ።

«ገበያ የሚያባርር ነው» ብሎ መለሰው። ልክ ነበር።

ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ስላልጠየቀች ወደድኳት። ላፕቶፗን ከፍታ የሜኑውን ንድፍ አወጣችና ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ፋይሉን እፊቴ ሰረዘችው። «ባለቤቱስ?» አልኳት። «እሱን ለእኔ ይተዉት» አለች። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከክፍያዋ የቀነሰባት ነገር እንዳለ ግን በመስኮቴ ከሚያልፈው ሒሳብ ገምቻለሁ፤ ይህን መናገር ለባንክ ሠራተኛ የተፈቀደ አይደለምና አንባቢ ይርሳልኝ።

ያን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እቆጣለሁ ብዬ የጠበቅሁት ቁጣ አልመጣም። «መጠጥ ቤት ነው?» አለች። «አዎ።» «የሱን ፊደል ነው የሚፈልጉት?» «አዎ።» ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች። «ፊደሉ ምን አደረገ?» አለችና ነጠላውን ፈታችው።

ደብተሩ ከሀ ይጀምራል። አንድ ገጽ ለአንድ ፊደል፤ በእርሳስ፣ ሣጥኖቹን እየቆጠረ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተሠርቶ። የሰከረ ሰው እጅ አይደለም። አባቴ እንዲህ በጸጥታ ተቀምጦ ማየቴ ትዝ አይለኝም፤ ሌሊት እኛ ስንተኛ ይሆናል። የሐ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ሐ አለ። ልጅቷ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሣችና በማግስቱ መለሰችው። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰሌዳው በባነር እንዳይታተም። «ድሮም በብሩሽ ነው ያሰብኩት» አለች።

ቤቱ በመስከረም ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴን ይዣት ሄድኩ። በጠዋት፣ ሰው ሳይኖር። ወደ በሩ አልተጠጋችም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። እናቴ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ አሁንም ፊደል ስታይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከላይ ሐ ብቻዋን ቆማለች፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ጥላ ያላት። ከሥሯ ሦስቱ ጽሑፎች። በታችኛው ጥግ በደቃቁ የልጅቷ ስም፤ ከስሟ በላይ የአባቴ።

እናቴ ብዙ አየች። ከአሞራ ገደል በኩል አንድ አባ ኮዳ መጥቶ ጣሪያው ላይ አረፈና እሱም አብሮን የቆመ መሰለ።

«የመሐከለኛዋ እግር አጥራለች» አለች።

«ደብተሩ ላይ እንዲሁ ነው እኮ እማዬ። እኩል ናቸው።»

«ደብተር ላይ እኩል ናቸው። ቆርቆሮ ላይ ሲጽፋት ግን ያስረዝማታል። መቅዘፊያዋ ናት ይል ነበር።»

ልጅቷ ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ፤ «ስንት ያህል? ጠይቁልኝ ጋሼ፣ ስንት ያህል ያስረዝሟታል?» እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣ ማንም እንደማያያት እያወቀች፣ ሁለት ጣቷን አጋጥማ ወደ ላይ ያዘች። «ሁለት ጣት፣ ልጄ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሰማያዊውን ቀለም በጣሳ ይዛ ወጣች። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር።