በሞንተሬይ ባሕር ሥር የተገኘው አጥንት በል ትል

ሰው አገር ለማየት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው ተራራውን፥ ሕንጻውንና ገበያውን ነው። ባሕር ዳር የደረሰ መንገደኛም ዓይኑ ከውሃው ገጽ አያልፍም። እኛ ግን ዛሬ አንባቢዎቻችንን ይዘን በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ እንሄዳለን፤ ከከተማውም ተነሥተን እስከ ባሕሩ ወለል እንወርዳለን። የምንወርድበት ምክንያት በያዝነው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ ሊቃውንት ከዚያ በፊት የማያውቁት አንድ የትል ወገን በዚያ ጨለማ ውስጥ ስለ ተገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞንተሬይ ስሟን ያገኘችው በ1602 ነው። ሴባስቲያን ቪዝካይኖ የተባለ የእስፓኝ መርከብ አዛዥ በዚያ ዓመት ከወደቡ ደርሶ፥ የእስፓኝን ንጉሥ ወክሎ ሜክሲኮን ያስተዳድር በነበረው መስፍን ስም ሰየማት። ከዚያ በኋላ እስፓኝና ሜክሲኮ ተራ በተራ ገዟት፤ በ1846 ደግሞ በአሜሪካ እጅ ገባች።

በ1850ዎቹ ዓመታት ከፖርቱጋል ደሴቶች የመጡ መርከበኞች በዚህች ከተማ ተቀምጠው ዓሣ ነባሪ ማደን ጀመሩ። በትንንሽ ጀልባ እየወጡ አውሬውን በጦር ይወጉና ወደ የብስ ይጎትቱት ነበር፤ ስቡንም በትልልቅ ብረት ድስት እያቀለጡ ለመብራት የሚሆን ዘይት ያወጡ ነበር። የዚያን ዘመን ሥራ የሚመሰክር አንድ ነገር በከተማዋ ይገኛል፤ ይኸውም የአዳኞቹ ማኅበር ይሠራበት በነበረው አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ያለው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ የተነጠፈው እንደ ድንጋይ ጎን ለጎን በተደረደረ የዓሣ ነባሪ የጀርባ አጥንት ነው። አጥንቱ ለሰው የመንገድ ንጣፍ ሆነ። ለሌላ ፍጥረት ግን ምግብ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ከዓሣ ነባሪው ቀጥሎ ተራው የሰርዲን ሆነ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በባሕሩ ዳር የዓሣ ፋብሪካዎች ተሠርተው ሰርዲን በቆርቆሮ እየታሸገ ወደ ሩቅ አገር ይላክ ነበር። ነገር ግን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰርዲኑ እየተመናመነ ሄደ፤ ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ከነዚህ በአንዱ ቦታ ላይ በ1984 ሕዝብ ገብቶ የባሕር እንስሳትን የሚመለከትበት ትልቅ አኳሪየም ተከፈተ። ይዘረፍ የነበረው ባሕር የትምህርት ቦታ ሆነ ማለት ነው።

ከሞንተሬይ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ሞስ ላንዲንግ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ያገኛል። ከዚህች ወደብ አፍ ጀምሮ የባሕሩ ወለል ተሰንጥቆ ትልቅ ገደል ሆኗል። ገደሉ በውሃ ሥር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከግድግዳው አናት እስከ ወለሉ ያለው ቁልቁለትም በአንዳንድ ስፍራ 1,700 ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ ሰው መጠኑን በዓይነ ኅሊናው ሊስለው ይችላል፤ ልዩነቱ ይህኛው ገደል በሙሉ በውሃ የተሸፈነ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ጥልቀት ከየብስ አጠገብ መገኘቱ ለምርምር እጅግ ይመቻል። ስለዚህ ዴቪድ ፓካርድ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ በ1987 ያቋቋመው የባሕር ምርምር ተቋም ዛሬ የሚገኘው በዚችው ወደብ ነው።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ሮበርት ቭራይንሁክ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ተቋም መርከብ ተሳፍረው በገደሉ ላይ ይሠሩ ነበር። ይፈልጉ የነበረው በጥልቅ ወለል ላይ የሚኖሩ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳትን ነው። ወደ ታች የወረደው ሰው ሳይሆን ቲቡሮን የተባለው መሣሪያ ነበር። ስሙ በእስፓኝ ቋንቋ ሻርክ ማለት ነው፤ መብራት፥ ካሜራና የብረት እጅ ነበረው፤ ከመርከቡም ላይ በረጅም ገመድ ይመራ ነበር። መሣሪያው ወደ 2,900 ሜትር ጥልቀት ሲደርስ የአንድ ግራጫ ዓሣ ነባሪ በድን አገኘ። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ያላት ከፍታ ወደ 2,400 ሜትር መሆኑን የሚያስብ አንባቢ፥ ያ በድን ምን ያህል ወደ ታች ርቆ እንደ ተኛ ይገነዘባል። በዚያ ስፍራ የፀሐይ ብርሃን ከቶ አይደርስም፤ ውሃውም እጅግ ቀዝቃዛ ነው።

የበድኑ አጥንት ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። መሣሪያው ቀረብ ብሎ ሲያበራ ምንጣፍ የመሰለው ነገር በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ትሎች ሆኖ ተገኘ። ከአጥንቱ ጥቂት ተቆርጦ ወደ መርከቡ ወጣና ምርመራው ተጀመረ።

በባሕር የሚኖሩ ብዙ ትሎች ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ በጎንና በጎናቸውም ጠንካራ ጠጉር ይበቅልባቸዋል። በዚህ ጠጉር እየታገዙ ይሄዳሉ፥ መሬትም ይቧጥጣሉ። ስለዚህ ሊቃውንት ባለ ብዙ ጠጉር ትሎች ይሏቸዋል። አዲሲቱ ትል ግን በመልኳ ከዘመዶቿ እጅግ ተለይታ ተገኘች። አፍ የላትም፤ ሆድና አንጀትም የላትም። ከላይ እንደ ላባ የተዘረጉ ቀይ ክንዶች አሏት፤ በእነርሱ ከውሃው አየር ትስባለች። ከታች ደግሞ እንደ ዛፍ ሥር የተከፋፈለ አካል አላት፤ እርሱም ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ሥሩ አሲድ እያመነጨ አጥንቱን ያሟሟዋል፤ በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ከአጥንቱ የሚገኘውን ስብና ሌላ ምግብ ለትሊቱ እንዲስማማ ያደርጉላታል። ባክቴሪያው ቤት አገኘ፤ ትሊቱም ምግብ አገኘች፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ይኖራሉ።

ከዚህ የበለጠ ሊቃውንቱን ያስደነቀው የወንዶቹ ነገር ነው። መጀመሪያ የተመረመሩት ትሎች ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ የት እንዳሉ ሲፈለግ በማጉያ መነጽር ካልሆነ በቀር የማይታዩ ሆነው በሴቲቱ መኖሪያ ቱቦ ውስጥ ተገኙ። በአንዲት ሴት ዘንድ ብዙ ወንዶች ይኖራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ቁጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። አካላቸው ከሕፃንነት መልክ አልፎ አያድግም፤ የሚኖሩትም ከእንቁላላቸው በተረፈው አስኳል ነው። የጠጉራም ትሎች ወገን መሆናቸውን የሚያሳይ መንጠቆ የመሰለ ጠጉር የሚታየው በእነዚህ ጥቃቅን ወንዶች ላይ ነው። የዘር ምርመራውም በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ በፍል ውሃ ዳር ከተገኙት ታላላቅ ባለ ቱቦ ትሎች ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን አረጋገጠ።

አንድ ፍጥረት ስለ ታየ ብቻ በሳይንስ መዝገብ አይገባም። አካሉ ተለክቶ፥ ከዘመዶቹ የሚለይበት ነገር ተጽፎ፥ ናሙናው ተጠብቆ፥ ስም ተሰጥቶት መታተም አለበት። ይህ ሥራ በግሬግ ራውዝ፥ በሻና ጎፍሬዲና በቭራይንሁክ ተፈጽሞ በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ወገኑ ኦሴዳክስ ተባለ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ አጥንት በል ማለት ነው። በዚያ ጽሑፍ ሁለት ዝርያዎች ተሰየሙ፤ አንዱ ስለ ቀይ ላባው ሩቢፕሉመስ፥ ሁለተኛው ፍራንክ ፕሬስ ለተባሉት የምድር ሊቅ መታሰቢያ ፍራንክፕሬሲ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ሞተው በዳርቻ የተጣሉ ዓሣ ነባሪዎች እየተጎተቱ በልዩ ልዩ ጥልቀት እንዲሰጥሙ ተደርጓል፤ ትሎቹም መጥተውባቸዋል። የላም አጥንት ሲወርድላቸውም በቀሉበት። በስዊድን ባሕርና በደቡብ ዋልታ አካባቢ ሌሎች ዘመዶቻቸው ተገኝተዋል፤ ዛሬ ስም ያላቸው ዝርያዎች ከ20 ይበልጣሉ። በ2015 ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የጥንት የባሕር እንስሳ አጥንት ላይ የሥራቸው ቀዳዳ መገኘቱ ታተመ። ይህም ዓሣ ነባሪ በዓለም ላይ ከመፈጠሩ በፊት ሥራቸውን ይሠሩ እንደ ነበር ያስረዳል።

በምሥራቅ አፍሪካ ምድር አጥንት ሰባብሮ ሜዳውን የሚያጸዳው ጅብ ነው። ጅብን ማንም አይወደውም፤ ሥራው ግን ለሁሉ ይታያል። የባሕሩ አጥንት በል ግን ሥራውን ያየለት አልነበረም። እነሆ በሞንተሬይ አንድ ዓሣ ነባሪ ወደ የብስ ተጎትቶ በተበለተ ቁጥር ከባሕሩ ወለል አንድ ማዕድ ይነሣ ነበር። በዓለም ባሕር ሁሉ እንዲሁ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። በዚህም ምክንያት በዓሣ ነባሪ በድን ብቻ ከሚኖሩት ፍጥረታት ሰው ሳያውቃቸው የጠፉ ሊኖሩ እንደሚችሉ ሊቃውንት ይሰጋሉ።

ደግነቱ የካሊፎርኒያ ግራጫ ዓሣ ነባሪ በሕግ ከተጠበቀ በኋላ ቁጥሩ ስለ ጨመረ በ1994 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ተሠርዟል። የሞንተሬይ ባሕርም ከ1992 ጀምሮ በመንግሥት የተጠበቀ ክልል ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ ከሚያልፉት ዓሣ ነባሪዎች አንዳንዱ ዕድሜው ሲደርስ ወደ ገደሉ ይሰጥማል፤ ትሎቹም ምግባቸውን ያገኛሉ።

ለአንዲት ትል ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ስሙ በመዝገብ ያልገባ ሰው ቢበደል አቤት የሚልለት እንደማይገኝ ሁሉ፥ ስም የሌለው ፍጥረትም ቢጠፋ የሚጠይቅለት የለም። የኦሴዳክስ ስም ግን ከ2004 ጀምሮ ተጽፏል።