የጅማ አናጢዎችና የላላው ወንበር

ስለ ጅማ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል አልፎ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ከተማይቱ የሚገባ መንገደኛ ከቡናው መዓዛ ጋራ አዲስ የተላገ እንጨት ሽታም ይቀበለዋል። በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጐበኘ ሰው፣ የእንጨት ሙያ በዚህ አገር ትናንት የመጣ አለመሆኑን ከሰገነቱ ይረዳል። ንጉሡ የገዙት እ. ኤ. አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ነበር።

ከጅማ የእንጨት ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። ይህ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ምስማርም ኮላም አያውቅም። መጋጠሚያ የሌለው ዕቃ ደግሞ መጋጠሚያው ላልቶ ባለቤቱን አያስቸግርም፤ ቢሰነጠቅ ይሰነጠቃል እንጂ አይወላለቅም። በአናጢዎች ሰፈር የሚሠራው ወንበር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ግን ከብዙ ቁራጭ የሚገጣጠም ነው። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ፣ በሌላው እንጨት ውስጥ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባል፤ በመካከሉም ኮላ ይቀባል። ኮላም፣ ሰጋቱራም፣ ስቱኮም፣ ሞርሳም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ወራሪው በ1933 ዓ. ም. ድል ተመትቶ ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፤ አናጢዎቻችንም ዛሬ ከአባቶቻቸው እንደ ወረሷቸው አድርገው ይናገሯቸዋል።

ታዲያ እንዲህ ተጠንቅቆ የተገጣጠመ ዕቃ ስለ ምን ይላላል? እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ መልሶም ይተፋል። ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። በቁመቱ በኩል ለውጡ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ በኩል ግን ርጥብ ጣውላ እስኪደርቅ ድረስ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነት፣ ከመቶ 5 እጅና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። በመጋጠሚያው ላይ የአንዱ እንጨት ቁመት ከሌላው ወርድ ጋራ ተጣብቆ ስለሚኖር፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አልንቀሳቀስም ይላል፤ በሁለቱ ክርክር መካከል የሚጐዳውም ኮላው ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። በዚህ እርጥበት ውስጥ የተሠራ ቁም ሣጥን በካሚዮን ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ ቈላ ቢወርድና ከጥቂት ወራት በኋላ መጋጠሚያው ቢከፈት፣ ሠሪውን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

በሰፈሩ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ፣ ገዢ በመጣ ቍጥር ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ሩቅ ቈላ ከሆነ ጣውላው በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት ገብቶበት፣ ጥቂት ወራት እንዲሰነብት ይመክራሉ። አብዛኛው ገዢ ግን የሚመጣው ሠርግ ሲደርስበት ነውና አይታገሥም።

በእኒሁ ሽማግሌ መጠለያ ሥር ሳለሁ፣ አንዲት መምህርት የአባቷን ወንበር በባጃጅ አስጭና መጣች። ወንበሩ የክንድ መደገፊያ ያለው፣ ከዋንዛ የተሠራ የድሮ ሥራ ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ከእርሱ በቀር በሌላ ወንበር መቀመጥ አይወዱም። የኋላ እግሩ ከመቀመጫው ጋራ የሚጋጠምበት ስፍራ ላልቶ ነበርና፣ ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ሠራተኛ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቬርኒሽ ቀብቶ፣ ደኅና አስመስሎ መልሶላት ነበር። በሦስተኛው ወር ስቱኮው ተፈርፍሮ ወደቀ፤ እናቲቱም ከወንበሩ ጋራ ለመውደቅ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ይህችን ክፍተት ብቻ ይድፈኑልኝ፤ ፈትተውት እንዳይሰበር እፈራለሁ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ይህን ብደፍነው የምደፍነው ዓይንሽን ነው» አሉ ሽማግሌው። «እናትሽን የሚሸከመው ውስጥ ያለው ምላስ ነው፤ እርሱ ከላላ ላይ ላዩን የተቀባው ምን ይይዛል?»

የመምህርቲቱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። የቈየ መጋጠሚያ ሲፈታ ምላሱ ሊሰበር ይችላል፤ ዋንዛም እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋራ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ፈቃዷን ለመስጠት ጥቂት አመነታች፤ በመጨረሻ ግን «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ከአጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ሽማግሌው መዶሻ አላነሡም። በመጀመሪያ እግሩን በእጃቸው ወዝውዘው በየት በኩል እንደሚንቀሳቀስ አዩ። ቀጥለውም ሞቅ ባለ አቼቶ የተነከረ ጨርቅ በመጋጠሚያው ላይ ጠቅልለው ብዙ ጊዜ ተዉት። ስቱኮውን በመሮ ጫፍ ሲያወጡ ከሥሩ ምስማር ተገኘ፤ የቀድሞው ጠጋኝ ደብቆ የመታው ነው። ምስማሩ ምላሱን በአንድ በኩል ሰንጥቆታል። በጕጠት ቀስ ብለው ነቀሉት፤ ከዚያም ሁለቱን እንጨቶች ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ሲስቡ፣ ምላሱ ሳይሰበር ወጣ። መምህርቲቱ እስከዚህ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

የቤት እመቤቶች ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር ከዚህ በኋላ የተሠራው ነው። ሽማግሌው በአሮጌው ኮላ ላይ አዲስ ኮላ አልቀቡም። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚሠራው የጥንቱ ኮላ የሙቅ ውሃ ጠብታ ሲነካው መልሶ ይጣበቃል፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ነጩ ኮላ ግን አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ አዲሱን አይቀበልም፤ የሚይዘው እንጨት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ምላሱም ቀዳዳውም ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ተፋቁ። የተሰነጠቀው ስፍራ ኮላ ጠጥቶ ታሰረ። ምላሱ ግን ከቀዳዳው ቀጥኗል፤ ኮላ ደግሞ ቀጭን ሆኖ በሁለት እንጨቶች መካከል ሲጨመቅ እንጂ ወፍራም ሆኖ ባዶ ስፍራ ሲሞላ ኀይል የለውም። ስለዚህ ከሌላ የዋንዛ ቁራጭ ላይ በመላጊያ ቀጭን ልጣጭ አነሡ፤ የልጣጩን መስመር ከምላሱ መስመር ጋራ አስተካክለው በሁለቱ ጐን ለጠፉት። ከደረቀ በኋላ ጥቂት በጥቂት እየላጉ ወደ ቀዳዳው ይሞክሩት ጀመር።

«በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት» አሉኝ። «በራሱ ከወደቀ ላልቷል፤ መዶሻ ከጠየቀም እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ኮላውንም ጠራርጎ ያወጣዋል።»

ሲገጥም ኮላ ተቀባ። ሞርሳ አልነበራቸውም፤ ወይም ሌላ ሥራ ይዞት ነበር። በወንበሩ እግሮች ዙሪያ ገመድ አዙረው አሠሩ፤ በገመዱ መካከል አጭር በትር አስገብተው አጠመዘዙት፤ ገመዱም እየከረረ ሄዶ ከመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ኮላ ተፍ ሲል ቆሙ። የወጣውን ኮላ በርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጠረጉት፤ ካልተጠረገ ቬርኒሹ በዚያ ስፍራ አይዝምና። ወንበሩ እንደ ታሰረ 24 ሰዓት እንዲቈይ ሆነ።

በሰፈሩ ያሉት ወጣቶች ሌላ ዘዴ አላቸው። ሰጋቱራ ከኮላ ጋራ ለውሰው ክፍተቱን ይሞሉታል፤ ሥራው በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ይህን ዘዴ ፈጽሞ ማውገዝ አይገባም። ሸክም በሌለበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በሣጥን ክፈፍ ማእዘን ላይ ለምትታይ የፀጉር ያህል ቀጭን ክፍተት፣ ወይም ለምስማር ቀዳዳ፣ ከራሱ ከዕቃው እንጨት የወጣ ደቃቅ ሰጋቱራ በቂ ነው። ብቻ ኮላ ያለበት ሰጋቱራ ቬርኒሽን እንደ ሌላው እንጨት አይጠጣምና፣ ቀለሙ ተለይቶ እንዳይታይ አስቀድሞ በቁራጭ እንጨት ላይ መሞከር ይሻላል። ክፍተቱ ሰፋ ካለ ደግሞ ከተመሳሳይ እንጨት የተሰነጠረ ቀጭን ስንጥር በኮላ አስገብቶ መላግ ከማናቸውም ልውስ ይበልጣል። የምነቅፈው የሰው ክብደት በሚያርፍበት መጋጠሚያ ላይ ሰጋቱራን መመረግ ነው። ለዚህም ጥፋቱ የወጣቶቹ ብቻ አይመስለኝም፤ ወንበሩን አውርዶ «እስክመለስ አድርስልኝ» የሚል ደንበኛም ተካፋይ ነው።

በማግሥቱ ገመዱ ተፈታ። ሽማግሌው ራሳቸው በወንበሩ ላይ ተቀምጠው ግራና ቀኝ ተወዛወዙ፤ ወንበሩም አላቃሰተም። መምህርቲቱ ዙሪያውን እየዞረች ስትመረምር፣ በመቀመጫው ሁለት ጣውላዎች መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ቀጭን ክፍተት አየች።

«ጋሼ፣ ይህንንስ አይደፍኑትም?»

«አልደፍነውም» አሉ። «አሁን ጥር ነው። ዛሬ ብሞላው በሐምሌ ጣውላው ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ይሰነጠቃል። ተይው፤ ክረምቱ ራሱ ይዘጋዋል።»

ወንበሩን ወደ ባጃጁ ሲያወጡትም፣ እስከ ማግሥቱ ድረስ እናትሽ አይቀመጡበት ብለው ከኋላዋ ተጣሩ።