ኮምፒዩተሩና ዳንቴሉ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ብርዷ ለኮምፒዩተር ይመቻል፤ በበጋ ነፋሱ የሚያነሳው አቧራ ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ለልጄ ዴስክቶፕ ስንገጣጥም ከፕሮሰሰሩ በፊት የተነጋገርነው ስለ ኬዙ ነበር። እሱ መስታወትና ባለቀለም መብራት ያለውን ወደደ፤ እኔ ደግሞ ከፊቱ ተነቅሎ የሚታጠብ ማጣሪያ ያለውን። በእኔ ምርጫ ተስማማን፤ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ፓወር ሳፕላይ ዋለ።

ሁለት ማራገቢያዎች ከፊት አየር ያስገባሉ፤ አንዱ ከኋላ ያስወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አየሩ በየስንጥቁ ሳይሆን በአብዛኛው በማጣሪያው በኩል ይገባል፤ አቧራውም እዚያው ይቀራል።

የቀረችው እናቴ ነበረች። እሷ የምትወደውን ዕቃ፣ ቴሌቪዥኑንም ራዲዮኑንም፣ ዳንቴል ታለብሳለች። ኮምፒዩተር ግን እየሠራ ከተሸፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ልጄ እጇን ይዞ ከኋላ የሚወጣውን ሞቃት አየር አስነካት። «ለካ ይተነፍሳል!» አለች። ከዚያ ወዲህ ዳንቴሉ የሚለብሰው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ኬዙ ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ቤት ሲጠረግም ይጠፋል። ማጣሪያውን ልጄ በየወሩ ያጥባል፤ በደንብ ሳይደርቅ አይመልሰውም። አስታዋሿ አያቱ ናት።